ወንበሮቹን ደርድሪ

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አሚሻቭ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከሕንጻችን ሥር ካለችው አግዳሚ ላይ፣ እኔና እንደኔው ጉልበት የከዳቸው ሁለት ጎረቤቶቼ ተቀምጠን ያለፈ ያገደመውን እያማን ነበር። መቼም እኔ ካለሁበት ሐሜት አይጠፋም። ድንገት ማሶክ መጣ። እዚህ አገር ሄሊኮፕተሩን ማሶክ ነው የምንለው። ወደ ሆስፒታሉ በሽተኛ የሚያደርስ ነው፤ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ በየበረንዳው የተሰጣው ልብስ ይርገበገባል፣ ድመቶቹ ከመኪና ሥር ይገባሉ። ጎረቤቶቼ ቀና ብለው "እግዜር ይማረው" አሉ። እኔ ግን የማሶኩ ጋዝ ሽታ መጣብኝ። ከዚያ ከፍታ ሊሸት አይችልም፣ አውቃለሁ፤ ለኔ ግን ይሸተኛል። ዓይኔም ወንበር ፍለጋ ዞረ። "ምነው ትርንጎ፣ ምን ጠፋሽ?" አለችኝ አንደኛዋ። "ጥርሴ" አልኳት። ሳቁና ተረሳ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የምትጽፍልኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ ጎንደር ስድስተኛ ክፍል ደርሳ ነው የመጣች። "አታሳምሪው፣ እንደወረደ ጻፊው" ብያታለሁ። ካሳመረችው ለሚቀጥለው ሠርግ አንድ ግጥም አዘጋጅላታለሁ። አይ፣ ለካ ትቻለሁ። ግጥም መስጠት ከተውኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለምን እንደተውኩ ነው ዛሬ የማወራ።

ያን ጊዜ እኔን ማየት ነበር! ሠርግ ያለው ሰው አዳራሹን ከመከራየቱ በፊት እኔን ነበር የሚጠይቀው። "እትዬ ትርንጎ ትመጪያለሽ ወይ?" ይሉኛል። ካልመጣሁ ሠርጉ ቀዝቃዛ ነዋ። ጎንደርም ሳለን ሴቶቹ ክብ ሠርተው ሲያጨበጭቡ መሐል ገብቼ ግጥም የምሰጥ እኔ ነበርኩ፤ እዚህም መጥቼ አልተውኩም። ያገራችን ደንብ ነው፣ ግጥም ሰጪ ሴት ማንንም አትምርም፣ የተነካውም አይቆጣም። ሙሽራው ጆሮው ትልቅ ከሆነ በጆሮው፣ አማቷ ንፉግ ከሆነች በንፉግነቷ፣ ቄሱ እንኳ ሲበሉ ካየኋቸው አልምራቸውም። ሰው ይስቃል፣ እልል ይላል፣ የተነካው ራሱ መጥቶ ግንባሬ ላይ ብር ይለጥፋል። እዚህም ሸቀሉን ይለጥፉልኝ ነበር። ያቺ ሃያ ሸቀል፣ አረንጓዴዋ፣ በላብ ግንባር ላይ እንዴት ደኅና ትጣበቅ እንደነበር!

ዘመኑስ ቢሆን! አውቶቡስ ስንሳፈር ካርቶን ትኬት ነበረች፣ ሹፌሩ በመብሻ እየበሳ የሚመልሳት። እኔ ቀዳዳዋን አልቆጥርም፣ "አለኝ ገና" እለዋለሁ፣ እሱም "አልቋል እናቴ" ይለኛል፣ እስክንደርስ እንጨቃጨቃለን። በገበያው፣ ሹክ በምንለው፣ ዓርብ ከሰዓት ሊዘጉ ሲሉ ቲማቲሙን በሸቀል ይረጩት ነበር። ልጃገረዶቹ ሱሪያቸው ከወገብ በታች ወርዶ ወርዶ፣ እኔ እንኳ አንዷን ከኋላዋ ሄጄ ሽቅብ ጎትቼላታለሁ፤ ጮኸች። እኛ ነጭ ቀሚስና ነጠላ ለብሰን ከሥር የስፖርት ጫማ። ሞባይሉም ያኔ ቁልፍ ነበረው፣ ደህና አድርገህ ትጫነዋለህ። አሁን የሚዳሰሰው መጥቶ ጣቴን አላምነው ብሏል። ሠርግ ላይ ደግሞ አንድ ልጅ ኪቦርድ ይዞ ብቻውን የአሥር ሰው ሙዚቃ ያወጣል፣ አንዱ ቪዲዮ ተሸክሞ መብራቱን ዓይናችን ውስጥ ይከታል። እነዚያ ካሴቶች ዛሬም ቁም ሳጥኑ ላይ አሉ፣ የሚያጫውታቸው ግን ጠፋ።

ኤላድ የልጄ የአልማዝ የመጀመሪያ ልጅ ነው። አልማዝ ፋብሪካ ሁለት ፈረቃ ትሠራ ስለነበር ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እሷ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ምድር ቤት። ስለዚህ አማርኛው የኔ አማርኛ ነበር፣ የጎንደር ገጠር የአሮጊት አማርኛ። የሰፈሩ ልጆች "እንደ ሽማግሌ ያወራል" እያሉ ይስቁበታል። እሱ ግን ግድም የለው። ሌሎቹ የልጅ ልጆቼ በአማርኛ ስጠይቃቸው በዕብራይስጥ ነው የሚመልሱልኝ። እሱ "እናና" ይለኝና ወሬውን ይዘረግፈዋል። እኔም ብሆን አዳልቼለታለሁ፣ አልዋሽም።

ወታደር ሲሆን ቀይ ቡት ጫማ የሚያደርገውን የጦር ክፍል መረጠ። ዓርብ ዓርብ ይመጣል፣ ሊጥለው በደረሰ ቦርሳ፣ በአቧራ ተለውሶ። መጀመሪያ እኔ ዘንድ ነው የሚገባ፤ እናቱ እንዲህ ሆኖ ካየችው ታለቅሳለቻ። ልብሱን እኔ አጥብለታለሁ፣ ከዚያ ንጹሕ ሆኖ ሽቅብ ይወጣላታል። አንድ ዓርብ ልብሱን ብዘረግፈው ጋዝ ጋዝ ይሸታል።

"ይህ ምንድን ነው ልጄ?"

"የማሶክ ነው እናና።"

"ማሶክ ታጥባላችሁ እንዴ?"

"እንሳፈረዋለን እንጂ። ሜዳ ወስዶ ይጥለናል።"

"እንዴት አድርጎ ነው የሚጥላችሁ? እንደ ጤፍ ከረጢት?"

በረንዳ ላይ ስምንት ነጭ የፕላስቲክ ወንበሮች ነበሩኝ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ፣ ለእንግዳ። ሁሉንም አምጥቶ ሳሎኔ ውስጥ ደረደራቸው፣ አራት በዚህ፣ አራት በዚያ፣ ፊት ለፊት። ጦሩ ውስጥም እንዲህ ነው አለኝ፤ ማሶኩ ከመምጣቱ በፊት መሬት ላይ ደርድረው ያለማምዷቸዋል፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚወርድ። "ስንቀመጥ ጉልበት ለጉልበት ነው" አለ።

"ሴትም አለበት?"

"እናና!"

"ጠየቅኩ እንጂ። ጉልበት ለጉልበት ስትል ጊዜ።"

እየሳቀ አስቀመጠኝ፣ ያን የደንጊያ ክምር የመሰለ ቦርሳውን ጭኔ ላይ ጫነብኝ። የብረት ቆብም አለ አለኝ። እኔ ቦርሳውን አውርጄ የፓስታ ማጥለያዬን ራሴ ላይ ደፋሁና ቦርሳውን ታቅፌ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሞተ በሳቅ። ከዚያ ነገረኝ፦ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወርዳል። በሩ በጭራው በኩል ነው፣ እንደ ጭነት መኪና መዝጊያ ወደ ታች ይከፈታል። ውስጡ ይጮኻል፣ ጆሮ ላይ አፍህን ገጥመህ ብትጮህ እንኳ አይሰማም፤ ስለዚህ በሩ ጋ የቆመው ሰው በጣት ነው የሚያወራ። አምስት ጣት ካሳየ አምስት ደቂቃ ቀረ፣ ሁለት ካሳየ ሁለት፣ ከዚያ አንድ።

"ወሬ የለም?" አልኩት።

"ወሬ የለም።"

"እኔ እዚያ ውስጥ በጥይት ሳይሆን በዝምታ እሞታለሁ።"

ከሱዳን በረሃ እኛን ሲያወጡን በትልቅ አውሮፕላን ሆድ ነበር፣ ወንበር የሌለው፣ ወለሉ ላይ ተጣብቀን። ያን ጊዜ አጠገቤ በተቀመጡት አዛውንት ነጠላ ላይ ያስመለስኩትን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ለኤላድ ያን ቀን ነገርኩት። እሱም አንገቱን ደፍቶ "እኔም እናና" አለኝ። "ሁልጊዜ። ከረጢት በኪሴ እይዛለሁ። ማንም አያውቅ።" ብስቅበትም አልተቆጣ፣ አብሮኝ ሳቀ። ከዚያ ቦርሳውን ከጭኔ አንሥቶ ጉልበቴ ፊት ተቀመጠ።

"የሚያስፈራው ግን እሱ አይደለም" አለኝ። "ሲያወርደን እንሮጣለን፣ ክብ ሠርተን እንንበረከካለን፣ ፊታችንን ወደ ውጭ። ማሶኩ ሲነሣ ጠጠሩ አንገትሽን ይገርፍሻል፣ ዓይን አይገለጥም። ከዚያ ይሄዳል። ድምፁ ይርቃል፣ ይርቃል፣ ይጠፋል። ያን ጊዜ ዝም ይላል፣ እናና። ያመጣኝ ሄዷል፣ የሚመልሰኝ መቼ እንደሚመጣ አላውቅ። እዚያች ላይ ‘እናና’ እላለሁ። በሹክሹክታ።"

ቀልድ አፌ ላይ ነበረ፤ ዋጥኩት። ጭንቅላቴ ላይ ማጥለያ እንዳለ ትዝ ብሎኝ አወረድኩት። "ለማንም እንዳትነግሪ" አለኝ። "አልናገርም፣ አፌ ተሰፋ" አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊሳፈሩ ሲሉ ይደውልልኝ ጀመር። በስልክ የት እንደሚሄዱ መናገር ክልክል ነው፤ ስልኩንም አዛዡ ከመሳፈራቸው በፊት በከረጢት ይሰበስበዋል። ስለዚህ አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚለኝ፦ "ወንበሮቹን ደርድሪ።" እኔም እደረድራቸዋለሁ፣ አራት በዚህ አራት በዚያ፣ እቀመጥበታለሁ፣ ድንች ብልጥም ባቄላ ብለቅምም እዚያው ሆኜ ነው። ሲመለሱ ይደውላል፦ "ወንበሮቹን አንሺ።" ያን ጊዜ እደራርባቸውና በረንዳ እመልሳቸዋለሁ። አልማዝ አንድም ቀን አላወቀች። የኔና የሱ ነበረ።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ ሠርግ ደረሰ። የዚህች የምትጽፈው አይደለም፣ የታናሽዋ። አዳራሹ ከፋብሪካዎቹ ሰፈር፣ ከጎማ ጠጋኝ በላይ ነው፤ ስትወጣ ጎማ ይሸትሃል፣ ስትገባ ሽቶ። ኤላድ ከጓደኛው ከጋዲ ጋር መጣ። ጋዲም ያገራችን ልጅ ነው፣ አማርኛ ይሰማል፣ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ከሥር ቀዩ ጫማ፣ ሁለቱም ቅልጥ ያሉ ቆንጆዎች። ልጃገረዶቹ አንገታቸው ዞረ።

መሐል አስገቡኝ። ጭብጨባው ሞቀ። ሙሽራውን ነካሁት፣ እልል። የሙሽራይቱን አጎት ነካሁት፣ እልል። ጠጅ አልቀመስኩም፣ በዚህ አላሳብብም። እኔ የሰከርኩት በእልልታው ነው። ሴቶቹ "ወታደሮቹን! ወታደሮቹን!" አሉኝ። ዞርኩና ኤላድን አየሁት፣ እየሳቀ ያጨበጭባል። አፌ ራሱ ሄደ፦

የኔ ልጅ ወታደር ሰማይ የበረረው፣
ጠላት ሳያገኘው ምሳው አባረረው።

አዳራሹ ተገለበጠ። ጋዲ በሳቅ ጎንበስ አለ። ኤላድም ሳቀ፣ ጥርሱ ብቻ። ማስመለሱን ብቻ ነክቼ እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ይቅር የሚባል ነበር። ልጅ ነው፣ ይረሳዋል። ግን እልልታው አልበረደም፣ "ድገሚ! ድገሚ!" ይላሉ፣ ዓይኑ ደግሞ ዓይኔ ላይ ነው። "እንዳትይ" ይለኝ ነበር፤ እኔ ያኔ አላነበብኩትም ልበል? አንብቤዋለሁ። ፊደል ነው እንጂ የማላነብ፣ ዓይንስ አነባለሁ። ግጥሙ ግን ቤት መትቶ መጥቷል፣ ቤት የመታ ግጥም መዋጥ አልችልም ነበር፦

ጥሎት ሲነሣበት ያ ብረት አሞራ፣
አያቱን ነው አሉ ቆሞ የሚጣራ።

እንደዚያ ያለ እልልታ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅ። ኤላድ በሰው መሐል ወደኔ መጣ። ሊስመኝ መስሎኝ ጉንጬን ሰጠሁት። ኪሱ ገባና ሃያ ሸቀሏን አውጥቶ ግንባሬ ላይ ለጠፋት። በጣቱ ጫን አደረጋት፣ እንዳትወድቅ። እንደ ባዕድ አዝማሪ ከፈለኝ። ከዚያ ጋዲን ይዞ ወጣ። እኔ ብሯን ግንባሬ ላይ እንደያዝኩ መጨፈሬን ቀጠልኩ፤ ምን ላድርግ፣ ቪዲዮው እየቀረጸ ነው።

በማግስቱም አልተቆጣ። ቢቆጣ ምናለ! ቢቆጣ እለምነዋለሁ፣ አሥቀዋለሁ። ዓርብ ሲመጣ ግን ደጄን አልፎ ደረጃውን ወጣ። ልብሱን እናቱ አጠበች። ቅዳሜ ወርዶ ሳመኝ፣ "ደኅና ነህ ወይ?" ስለው "ሀኮል በሰደር፣ ሳቭታ" አለኝ፣ ሁሉ ደኅና ነው እንደማለት። ሳቭታ አያቴ ማለት ነው፣ የማንም ልጅ ማንንም አሮጊት የሚጠራበት። እናና ቀረ። አማርኛውም ቀረ። እንደ ሌሎቹ የልጅ ልጆቼ ሆነ። የስልኩም ነገር ቀረ።

ያው በዚያው ዓመት በጋ ላይ በሰሜን በኩል እሳት ተነሣ። ቴሌቪዥኑ ቀን ከሌት ማሶክ ያሳያል። ፊታቸውን ጥላሸት የተቀቡ ልጆች ጎንበስ ብለው በጭራው በር ይገባሉ፣ አንዱን ከአንዱ አልለይም። መቼ እንደሚሳፈር የሚነግረኝ የለ። መቼ እንደምደረድር አላውቅ። ስለዚህ ደርድሬ ተውኳቸው። አራት በዚህ አራት በዚያ፣ በመሐል እያለፍኩ እበላለሁ፣ በመሐል እያለፍኩ እተኛለሁ። አንድ ጧት አልማዝ ከሥራ መጣች፣ ዳቦ ይዛልኝ። በሩን ስትከፍት ወንበር በረድፍ ተደርድሮ አየች፣ እኔ ነጠላ ተከናንቤ ከመሐል ቁጭ ብያለሁ። ያገራችን ሰው ቤት ወንበር በረድፍ የሚደረደር ለለቅሶ ነው። ዳቦው ከእጇ ወደቀ። እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠች። "ኤላድ ነው?" አለችኝ፣ ከወለሉ። "አይደለም፣ ልጄ፣ አይደለም፣ ማንም አይደለም" እያልኩ ጭንቅላቷን ይዤ ብምል ብገዘት አላመነችኝም። ለምን እንደደረደርኩ ስትጠይቀኝ ምን እላታለሁ? "ወለል ላጥብ ነው" አልኩ። ያን ዕለት ስምንቱንም ራሷ ተሸክማ በረንዳ ጣለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ያን ልማዴን እንኳ አጣሁት።

ኤላድ በደኅና ተመለሰ። ከስቶ፣ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ። "እንዴት ነበር ልጄ?" አልኩት። "በሰደር" አለኝ። ይኸው ነው፣ አንዲት ቃል። የዚያን ሁሉ ቀን ወሬ በአንዲት ቃል ጠቀለለልኝ። እኔም ለሠርግ ሲጠሩኝ ጉሮሮዬን አመመኝ ማለት ጀመርኩ። እስከዛሬ ያመኛል።

አሁን ኤላድ ክፋር ጋኒም የሚሉት ሰፈር ይኖራል፣ ሚስት አለችው፣ ሁለት ልጆች፣ ከኮምፒዩተር ጋር የሆነ ሥራ። ደግ ነው፤ ዓርብ ዓርብ ፍራፍሬ ይዞልኝ ይመጣል፣ ስልኬን ያስተካክልልኛል፣ ጉንጬን ስሞ ይሄዳል። ሰው ሁሉ "የተባረከ የልጅ ልጅ" ይለዋል። ነውም።

ማሶኩ ባለፈ በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ ሹክ ሄጄ ሐብሐብ እያንኳኳሁ አንድ ራሰ በራ ሰው "እማማ ትርንጎ፣ አወቁኝ?" አለኝ። ጆሮው አልተለወጠም፣ በሱ አወቅሁት። "ጋዲ! ጸጉርህን የት ጣልከው?" ሳቀ፣ ሐብሐቡን ተሸከመልኝ። መንገድ ላይ በተሰባበረ አማርኛው፣ በዕብራይስጥ እየደጎመ ያን በጋ አነሣ፣ እኔ ሳልጠይቀው።

"አዛዡ ከረጢቱን ይዞ መጣ፣ ስልክ ሊሰበስብ" አለኝ። "ሁላችን ቤት ደወልን። ኤላድ ስልኩን ይዞ ቆሟል። ‘ለእናናህ ደውልላት’ አልኩት። ‘ለሠርግ ግጥም ይሆናታል’ አለኝና ሳይደውል ከረጢቱ ውስጥ ጨመረው።"

እግሬ ቆመ። እሱ ነገሩ የገባው ዘግይቶ ነው፣ ሐብሐቡን እንዳቀፈ ቀረ።

"ከዚያስ?" አልኩት።

"ከዚያ ወረድን። ማሶኩ ሄደ።"

"ዝም አለ?"

"ዝም አለ።"

"ተጣራ?"

ጋዲ አጎነበሰ። "አጠገቡ ነበርኩ፣ እማማ። ምንም ሲል አልሰማሁም።"

ዓርብ ከቀትር በኋላ ከበረንዳው ስምንቱን አመጣሁ። ነጭ ነበሩ፣ ፀሐይ በልቷቸው ቢጫ ሆነዋል፣ አንዱ እግሩ ተሰንጥቋል። አራት በዚህ፣ አራት በዚያ። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። ኤላድ ወይንና ኮክ ይዞ ገባ። ቆመ። "ሳቭታ፣ ማን ሞተ?" አለኝ በዕብራይስጥ።

"ማንም አልሞተም። ጋዲን አገኘሁት።"

ተመልሶ ይወጣል ብዬ ነበር። ፍራፍሬውን ጠረጴዛ ላይ አኖረና መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። አሁን ወፍሯል፣ ጉልበቱ ጉልበቴን ገፋው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቀልድ አልመጣልኝም። "አጥፍቻለሁ፣ ልጄ" አልኩት። "ያን ጊዜ መስማቴ ነበር ሥራዬ፣ መዝፈኔ አልነበረም።"

አፉን ከፈተ። "እናና፣ ያን ቀን... እኛ..." አለ። ፈለገ፣ ቃሉን። በጣቱ ጉልበቱን እየመታ ፈለገ። አጣው። ሃያ ዓመት ያልተነካ አማርኛ ነዋ። "የለኝም" አለኝ በዕብራይስጥ፣ "ቃሉ የለኝም።"

"ባለህ ንገረኝ" አልኩት።

ነገረኝ። በዕብራይስጥ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጉልበቴን እያየ፣ የሰንበት ሻማ ልናበራ እስክንቃረብ ድረስ። የኔ ዕብራይስጥ የሹክና የሐኪም ቤት ነው። አንዳንዷን ለቀምኩ። ማሶክ አለ። ሼኬት አለ፣ ዝምታ ማለት ነው፣ ደጋግሞ። የአንድ ልጅ ስም ጠራና ድምፁ ተሰበረ። "ምን ሆነ?" ልለው ከንፈሬ ድረስ መጣ፤ ያቋርጠዋል ብዬ ፈራሁና ዋጥኩት። መዋጥ እንደምችል በዚህ ዕድሜዬ አወቅሁ።

ሲጨርስ ተነሣ፣ ልጆቹ ይጠብቁታል። ግንባሬን ሳመኝ፣ ያቺ ሃያ ሸቀል ያረፈችበትን። በሩን ከፍቶ ሊወጣ ሲል ዞረ። "እናና" አለኝ፣ በዚያ በአሮጊት አማርኛ፣ "ወንበሮቹን አንሺ።"

አነሣኋቸው፣ አንድ በአንድ፣ ጉልበቴን ደግፌ። የእህቴ ልጅ ይህን እየጻፈች ታለቅሳለች፣ ወረቀቱን አበላሸችው። "ሌላ ዓርብ እኔ ልምጣና ይድገምልሽ፣ እተረጉምልሻለሁ" ትለኛለች። እምቢ ብያታለሁ። አንዴ ነግሮኝ ነበር፣ በኔው ቋንቋ፣ ጥርት አድርጎ፤ ያን ለእልልታ ሸጥኩት።